በመጽሐፉ ዝም አለች፣ በፊልሙ ተናገረች

ባንቺአየሁ ነጋ መምህር ክንዴን የወደደችው በመጽሐፍ ምክንያት ነው። ይህን ብትናገር ሰው እንደሚስቅባት ስለምታውቅ ለማንም አትናገርም።

በ፲፱፻፶፮ ዓ.ም. ጎንደር ፒያሳ አጠገብ በነበረው የከተማው ማንበቢያ ቤት መጻሕፍት የምታውስ የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ነበረች። አባቷ ግራዝማች ነጋ ከአምባ ጊዮርጊስ ወደ ከተማ የገቡ፣ ወገራ ላይ ሰፊ ርስት ያላቸው ሰው ናቸው። ሴት ልጃቸውን እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል በማስተማራቸው ዘመድ ሲያማቸው፣ «እኔ የልጄን ዓይን ከፍቻለሁ፤ እናንተ አፋችሁን ዝጉ» ብለው መልሰዋል።

ክንዴ ምትኩ የእንግሊዝኛ መምህር ነው። ቀጠን ያለ፣ ድምፁ ዝግ ያለ፣ መጽሐፍ ሲሰጡት እንደ ጸበል በሁለት እጁ የሚቀበል። ሐሙስ ሐሙስ ከቀትር በኋላ ይመጣና መስኮቱ ሥር ይቀመጣል። ባንቺአየሁ ካርዶቿን እየደረደረች ቀና ስትል ዓይን ለዓይን ይጋጫሉ፤ እሱ ወደ ገጹ፣ እሷ ወደ ካርዷ ይመለሳሉ። እንዲህ ሲተያዩ ሁለት ወር ሄደ።

ኅዳር መጨረሻ ላይ «የጀልባው ሰው» የሚባል የአሜሪካ ልቦለድ ለማንበቢያ ቤቱ በስጦታ መጣ። ቅጂው አንድ ብቻ ነው። ሁለቱም ሊያነቡት ስለፈለጉ ተራ ገቡ፤ ለእሱ ሦስት ቀን፣ ለእሷ አራት ቀን። መጀመሪያ የወሰደው እሱ ነበር። ሲመልሰው በገጾቹ መካከል ቁራጭ ወረቀት አገኘች። «ገጽ አርባ አንድ ስትደርሺ የተሰማሽን ጻፊልኝ» ይላል። ጻፈችለት። ከዚያ ወዲያ መጽሐፉ በሄደና በመጣ ቁጥር ደብዳቤ ይዞ ይሄድ፣ ደብዳቤ ይዞ ይመጣ ጀመር።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ኢላይጃ የሚባል ጥቁር ጀልባ ቀዛፊ አለ። ነጮችና ጥቁሮች አብረው በማይበሉበት፣ በአንድ በር በማይገቡበት ከተማ ነው የሚኖር። ወንዙ ሞልቶ ከተማውን ሲያጥለቀልቀው አንድ ነጭ ነጋዴ የራሱን ትልቅ ጀልባ ለኢላይጃ ይሰጠውና «ልጄን አድናት» ይለዋል። ኢላይጃ ልጅቱን፣ ማርጋሬትን፣ በጎርፍ ላይ ሦስት ቀን ቀዝፎ ያድናታል። ከአንድ ሳህን ይበላሉ፣ ብርዱ ሲበረታ ካፖርቱን አልብሷት እሱ ሲንቀጠቀጥ ያድራል። ውኃው ሲጎድል ነጋዴው ሞቷል። የነጋዴው ዘመዶች «ጀልባውን ሰርቋል» ብለው ኢላይጃን ይከሱታል። ዳኛው ማርጋሬትን፣ «አባትሽ ጀልባውን ሰጥቶታል ወይ?» ብሎ ይጠይቃታል። እሷም ዘመዶቿን አይታ፣ «አላስታውስም» ትላለች። ኢላይጃ አሥራ ሁለት ዓመት ተፈረደበት። መጽሐፉ የሚያልቀው ማርጋሬት ከብዙ ዓመት በኋላ በማኪና ስታልፍ፣ እስረኞች መንገድ ሲጠግኑ አይታ፣ አንዱን አውቃው፣ ሾፌሩን «ቁም» ሳትለው ስትቀር ነው።

ባንቺአየሁ ይህን ስትጨርስ አለቀሰች። ለክንዴም፣ «አንተ ግን ምነው ሁለት ጊዜ አነበብኸው?» ብላ ጻፈችለት። መልሱ ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ መጣ።

«ባንቺ፣ አባቴ ምትኩ ጭልጋ ውስጥ ቀጥቃጭ ነው። ማረሻና ማጭድ ይሠራል። አገሬው ማረሻውን ይወስዳል እንጂ ቤታችን ገብቶ ውኃ አይጠጣም። ልጅ የታመመበት ሁሉ ደጃችን መጥቶ እናቴን «ቡዳ» እያለ ሲሰድብ ነው ያደግሁት። ስለዚህ ኢላይጃ እንግዳ አልሆነብኝም። ጎንደር ውስጥ ይህን የነገርኩት ለአንቺ ብቻ ነው። ከእንግዲህ ከእጄ መጽሐፍ መቀበል ብትጠየፊ አልቀየምሽም።»

በሚቀጥለው ሐሙስ መጽሐፉን ሊመልስ ሲዘረጋላት ባንቺአየሁ እጁን ከነመጽሐፉ ያዘችው። ማንበቢያ ቤቱ ውስጥ ሰው ነበረ፤ ማን እንደነበር ግን በኋላ ብትጠየቅ አታውቅም። የምታውቀው መዳፉ ሻካራና ሙቅ እንደነበረ ብቻ ነው።

የቃና ዘገሊላ ዕለት ግራዝማች ነጋ ቤት ድግስ ነበር። ባንቺአየሁ ክንዴን በመምህርነቱ አስጠራችው። ግራዝማች ገና ሲያዩት ወደዱት። ስለ ትምህርት ጠየቁት፣ ስለ ወገራ መሬት አጫወቱት፣ ከጎናቸውም አስቀመጡት። ባንቺአየሁ ወጥ እያቀረበች ወዲያ ወዲህ ስትል ልቧ በደስታ ይዘል ነበር።

አክስቷ ወይዘሮ አየለች ግን ሰው ሳያጣሩ የማይቀመጡ ሴት ናቸው።

«ዘንድሮማ ትምህርት ቤት ሁሉን ቀላቀለው» አሉ፤ «ጨዋ የጨዋ ልጅ ከጠይብ ጋር አንድ ወንበር ላይ ይቀመጣል አሉ። ለመሆኑ አንተ ልጅ የማን ልጅ ነህ?»

ክንዴ እጁን ከማዕዱ አነሣ። አፉን ሊከፍት አለና ባንቺአየሁን አያት። ባንቺአየሁ የአክስቷን ዓይን፣ የአባቷን ፈገግታ፣ የተሰበሰበውን ዘመድ አየች።

«አባቱ ገበሬ ናቸው፤ ጭልጋ ሰፊ መሬት አላቸው» አለች።

«እንዲህ ንገሩኝ እንጂ!» አሉ ወይዘሮ አየለች ፊታቸው በርቶ። «የጨዋ ልጅማ ከገጹ ያስታውቃል!» አሉና በእጃቸው ሙሉ ጠቅልለው አጎረሱት።

ክንዴ ጎረሰ። እስኪውጠው ድረስ ብዙ ጊዜ ወሰደበት። ብዙም ሳይቆይ፣ «ተማሪዎች ይጠብቁኛል» ብሎ ተነሥቶ ሄደ። በበዓል ቀን ምን ተማሪ እንደሚጠብቀው የጠየቀ የለም። ባንቺአየሁ ያን ዕለት ሳህኖቹን ስታጥብ ክንዴን ከውርደት እንዳዳነችው ቆጥራ ነበር። በራሷም ኮራች።

ከዐቢይ ጾም በፊት በነበረው የመጨረሻ እሁድ የመጽሐፉ ፊልም ጎንደር ገባ። ጣሊያን የሠራው ሲኒማ ቤት ከቀትር በኋላ ጢም ብሎ ሞላ። ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ጎርፉ ሸራው ላይ ሲያገሣ ባንቺአየሁ ክንዱን ጨበጠችው፤ እሱም አልሸሻት። ፍርድ ቤቱ ጋ ሲደርስ ግን ፊልሙ ከመጽሐፉ ተለየ። ዳኛው ሲጠይቃት ማርጋሬት ከመቀመጫዋ ብድግ አለችና፣ «አባቴ ነው የሰጠው! ሦስት ቀን ሙሉ ሕይወቴን ጠብቋል!» ብላ ጮኸች። ዘመዶቿ አንገታቸውን ደፉ። ኢላይጃ ነፃ ወጣ። ሲኒማ ቤቱ በጭብጨባና በፉጨት ተናወጠ። ባንቺአየሁም እያለቀሰች አጨበጨበች።

ወጥተው በግንቡ አጥር ጥግ ሲሄዱ ክንዴ አንድ ቃል አልተነፈሰም።

«ምነው? አልወደድኸውም?» አለችው።

«ሥዕሉ ሸጋ ነው።»

«መጨረሻውስ?»

«መጨረሻውን አሳምረውታል።»

«ማሳመር ምን ክፋት አለው? ሰው ሊናገር እንደሚችል አሳየን። በመጽሐፉ ዝም ብላ ቀረች፤ በፊልሙ ተናገረች። እኔስ የፊልሙን ማርጋሬት እመርጣለሁ።»

«ሁሉም እሷን ይመርጣል» አለ ክንዴ ቆም ብሎ። «ስታጨበጭቢ አየሁሽ። ያ ሁሉ ሰው ኢላይጃን ነፃ ያወጣው እሱ ራሱ ይመስል እያጨበጨበ ቤቱ ገባ። መጽሐፉን ያነበበ ሰው ግን እንዲህ ቀልሎት አይገባም።»

«ምነው ትቆጣለህ? ፊልም እኮ ነው!»

«አባቴንም እንደ ፊልሙ ነው ያሳመርሽው።»

ባንቺአየሁ መጀመሪያ አልገባትም። ከዚያ ሲገባት ጆሮዋ ድረስ ጋለች።

«እኔ… እንዳይንቁህ ብዬ ነው። አንተን ለማዳን ነው!»

«ከማን ነው የምታድኚኝ? ከአባቴ?» አለ። ድምፁ አልጮኸም፤ ባይጮኽም ግን ከጩኸት ይልቅ ይከብድ ነበር። «የአባቴ ስም የማይነገር ቢሆን እኔ አልነግርሽም ነበር። እኔ የነገርኩሽ የማላፍርበትን ነው። አንቺ አፈርሽበት።»

ጥሏት ሄደ። ባንቺአየሁ ተከትላ አልጠራችውም። ያመማት መሰደቧ አልነበረም። ልክ መሆኑን ማወቋ ነው ያመማት።

ጾሙ ገባ። ክንዴ ሐሙስ መምጣቱን ተወ። አንድ ቀን ለምሳ ወጥታ ስትመለስ መጽሐፉ ጠረጴዛዋ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ቶሎ ቶሎ ገለበጠችው። የነበረው ወረቀት አንድ ብቻ ነው፤ የተጻፈበትም «አንብቤ ጨርሻለሁ» የሚል ነው። ስሟም፣ ስሙም የለበትም። ባንቺአየሁ ከእሱ የመጡትን ደብዳቤዎች ሁሉ አውጥታ ከዚህች ጋር አስተያየቻቸው። ስድብ ቢኖርባት ይሻላት ነበር።

የክንዴ ትምህርት ቤት ዳይሬክተር አቶ ተክለ ጊዮርጊስ ግን ከፊልሙ በፊት የቀጠሩት ጉዳይ ነበራቸው። መጽሐፉንና ፊልሙን የሚያነጻጽር ክርክር ቅዳሜ ከቀትር በኋላ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ይደረጋል። ስለ መጽሐፉ መምህር ክንዴ፣ ስለ ፊልሙ ወይዘሪት ባንቺአየሁ ይናገራሉ። የከተማው ታላላቅ ሰዎች ተጠርተዋል። ግራዝማች ነጋ ልጃቸው በአደባባይ ልትናገር ነው ብለው ነጭ ኩታቸውን አጣጥፈው፣ ባርኔጣቸውን ቦርሸው ከፊተኛው ረድፍ ተቀመጡ።

ክንዴ ቀድሞ ተነሣ።

«ፊልሙን አልንቀውም» ብሎ ጀመረ። «መጽሐፉ አንድ ገጽ ሙሉ የፈጀበትን የጎርፍ ድምፅ ፊልሙ በአንድ አፍታ አሰምቶናል። ነገር ግን በመጽሐፉ ውስጥ ኢላይጃ ያስባል፤ ይቆጣል፣ ያፍራል፣ ይስቃል። በፊልሙ ጀልባ ይቀዝፋል፣ ያመሰግናል፣ ሌላ ሥራ የለውም። ነፃ የሚያወጣው የአንዲት ልጅ ደግነት ነው። የወነጀለው ልማድ ግን እንዳለ ቀረ፤ ማንም አልነካው። ይህን የማየው ምናልባት የቀጥቃጭ ልጅ ስለሆንኩ ይሆናል። አባቴ ምትኩ ጭልጋ ውስጥ ማረሻ ይቀጠቅጣል።»

አዳራሹ ውስጥ ጉምጉምታ ተነሣ። ከአጠገቡ የነበረው መምህር ወንበሩን በቀስታ ሸሸት አደረገ። ግራዝማች ነጋ ዞረው ልጃቸውን አዩ። ዓይናቸው «ገበሬ ናቸው ብለሽኝ አልነበረም ወይ?» ይላል።

ባንቺአየሁ ተራዋ ደርሶ ተነሣች። አራት ገጽ ጽፋ ነበር። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ተወችው።

«እኔ ስለ ፊልሙ እንድናገር ነው የተመደብኩት» አለች። የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘች። «ፊልሙን በጣም ወድጄዋለሁ። ለምን እንደወደድኩት ያወቅሁት ግን አሁን ነው። በፊልሙ ልጅቱ እኔ ያልተናገርኩትን ትናገራለች። የቃና ዘገሊላ ዕለት እቤታችን፣ በአባቴ ማዕድ ላይ፣ መምህር ክንዴ የማን ልጅ እንደሆነ ተጠየቀ። እኔ አባቱ ቀጥቃጭ እንደሆኑ አውቅ ነበር። ገበሬ ናቸው ብዬ ዋሸሁ። ማርጋሬት አላስታውስም ስትል አልቅሼባት ነበር፤ እኔ ከእሷ የምሻልበት አንድ ነገር ቢኖር ማስታወሴ ነው። አባባ፣ የዋሸሁህ እኔ ነኝ፤ እሱ አይደለም።»

ፊልም ቢሆን ኖሮ አዳራሹ በጭብጨባ ይናወጥ ነበር። አንድም ሰው አላጨበጨበም። ግራዝማች ነጋ ተነሡ፣ ባርኔጣቸውን ደፉ፣ ማንንም ሳያዩ በመካከለኛው መተላለፊያ ወጡ። የከዘራቸው ድምፅ እስከ በሩ ተሰማ። ባንቺአየሁ ግን አልተቀመጠችም። አቶ ተክለ ጊዮርጊስ ጉሮሯቸውን ጠርገው ስብሰባውን እስኪዘጉ ድረስ ቆማ ቀረች።

ክንዴ ከአዳራሹ ደጅ ከባሕር ዛፉ ሥር ይጠብቃት ነበር።

«ያን ሁሉ የተናገርሽው ለእኔ ብለሽ ነው ወይስ ለራስሽ?» አላት።

«ለራሴ» አለች። «ውስጤ ተቀምጦ አላስተኛ ብሎኝ ነው። ለአንተ የምለው ሌላ ነው።»

«ምን?»

«አባትህ ዘንድ ውሰደኝ። የዋሸሁት በእሳቸው ነው፤ ይቅርታ የምጠይቀውም እሳቸውን ነው።»

 «በሚቀጥለው ቅዳሜ ጠዋት አውቶቡስ አለ» አለ ክንዴ። ባንቺአየሁ ዓይኑ ለስለስ ማለቱን አይታ ቤቷ ገባች።

 ግራዝማች ሦስት ቀን አላነጋገሯትም። በአራተኛው ቀን ጠሯት።

«በእኔ ማዕድ ላይ፣ በዘመዶቼ ፊት ዋሸሽኝ።»

«አዎን፣ አባባ።»

«ደግሞ በከተማ ፊት አዋረድሽኝ።»

«ዋሽቼህ ከምቀር ብዬ ነው።»

«የዚያን ልጅ ስም እዚህ ቤት እንዳልሰማ።»

«ስሙን አልጠራም፣ አባባ። ልተወው ግን አልችልም። ቅዳሜ ጭልጋ አባቱን ልጠይቅ እሄዳለሁ። ሳልነግርህ መሄድ አልፈለግሁም።»

ግራዝማች ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ፤ ከዚያ ዘጉት። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩና እንድትወጣ በእጃቸው ምልክት ሰጧት። አሮጌ ትከሻቸውን ከኋላ ስታየው ባንቺአየሁ ከቁጣቸው ይልቅ ለእሳቸው አዘነች።

ቅዳሜ በአዘዞ በኩል በአውቶቡስ አይከል ደረሱ፤ ከዚያ አንድ ሰዓት ያህል በእግር ሄዱ። የምትኩ ቤት ከመንደሩ ተነጥሎ ከወንዝ በላይ ነው። ምትኩ ደጁ ላይ፣ ከዳሱ ሥር፣ የጋለ ማረሻ በጉጠት ይዘው ይቀጠቅጡ ነበር። አጭር፣ ክንደ ወፍራም፣ ጺማቸው የነጣ ሰው ናቸው። ልጃቸውን በአገጫቸው ሰላም አሉትና ብረቱ ሳይቀዘቅዝባቸው መቀጥቀጡን ቀጠሉ።

ብረቱን ውኃ ውስጥ ሲነክሩት ባንቺአየሁ ወደ ፊት ቀረበች።

«አያ ምትኩ፣ የመጣሁት ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው። በአባቴ ቤት የክንዴ አባት ማን ናቸው ሲባል፣ ገበሬ ናቸው፣ ሰፊ መሬት አላቸው ብዬ ዋሽቻለሁ።»

ምትኩ ላባቸውን በክንዳቸው ጠረጉ። አዩዋት።

«ሰፊ መሬት አልሽ?»

«አዎን።»

«ምነው ታዲያ መሬቱን አብረሽ ይዘሽልኝ ብትመጪ!» አሉና ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ሚስታቸው እመት እንኳየሁም ከበሩ ላይ ሆነው ሳቁ። ባንቺአየሁ መሳቅም ማልቀስም ቃጣት።

ምትኩ ሳቃቸው በአንድ ጊዜ ቆመ። ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«አንተስ?»

«ምን፣ አባ?»

«እሷ ይህን ስትናገር አንተ የት ነበርህ?»

«እዚያው ነበርኩ።»

«አፍህስ?»

ክንዴ ቀላ። ባንቺአየሁ ከዚያ ቀን በፊት እንዲህ ሆኖ አይታው አታውቅም።

«አጎረሱኝ» አለ በመጨረሻ። «ጎረስኩ።»

«እንዲያ ነው» አሉ ምትኩ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም። «አፍህ ሙሉ ነበር። እሷ አንድ ጊዜ ዋሸች፤ አንተ ውሸቱን ውጠህ ጠግበህ ወጣህ። በኋላ በአዳራሽ ተናገርህ አሉ፤ ሸጋ አደረግህ። ይህች ልጅ ግን ይቅርታ ልትጠይቀኝ ይህን ሁሉ መንገድ መጥታለች። አንተስ እሷን ይቅርታ ጠይቀሃታል?»

 ክንዴ ወደ ባንቺአየሁ መጣ።

«ሁሉን በአንቺ ላይ ጫንኩት» አለ። «ያን ቀን ከአንቺ በፊት መናገር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። አፌን ከፍቼ ነበር፤ አንቺ ስትቀድሚኝ ደስ አለኝ። አንድ አፍታ የገበሬ ልጅ ሆኜ ልቀመጥ ፈልጌ ነበር፣ ባንቺ። ያን ደስታዬን ነው የጠላሁት። እሱን መናገር ሲያቅተኝ ተነሥቼ አንቺን ተቆጣሁ።»

ባንቺአየሁ በአባቱ ፊት ነው፣ በእናቱ ፊት ነው፣ ነውር ነው ሳትል ግንባሯን ትከሻው ላይ አሳረፈች። ሸሚዙ የጭስና የብረት ሽታ ይዞ ነበር። አለቀሰች፤ እሱም አለቀሰ።

«በሉ፣ እንግዳ ቆሞ አይስተናገድም» አሉ እመት እንኳየሁ። የሽምብራ ቂጣና ተልባ አቀረቡ። ግን ሳህኑን ባንቺአየሁ ፊት ካስቀመጡ በኋላ እጃቸውን ሰበሰቡና ፈራ ተባ አሉ፤ ከቤታቸው የበላ እንግዳ አይተው አያውቁም። ባንቺአየሁ ጎንበስ ብላ ቆረሰች፣ ጎረሰች፣ ሁለተኛም ቆረሰች። እመት እንኳየሁ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

ወደ አይከል ሲመለሱ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ክንዴ መንገዱ ሲጠብ ወደ ኋላ፣ ሲሰፋ ወደ ጎኗ ይሆን ነበር።

«አባትሽ ዛሬ የት ዋልሽ ቢሉሽ ምን ትያቸዋለሽ?» አላት።

«የዋልሁበትን።»

«ቤት ባያስገቡሽስ?»

ባንቺአየሁ አባቷን አሰበች፤ ከመስኮቱ አጠገብ ያየችው ትከሻ ታወሳት። እሳቸውንም አትተዋቸውም፤ ነገ ባይከፍቱ ከነገ ወዲያ በሩን ታንኳኳለች፤ እስኪከፍቱ ድረስ ታንኳኳለች። ስንት ቀን እንደሚፈጅ አታውቅም። የምታውቀው አንድ ነገር ነው፤ ወደ እሳቸው ስትሄድ የምትደብቀው ነገር የለም፤ ከጎኗ ካለው ሰው የምትደብቀውም የለም። ፈርታ ነበር፤ ነገር ግን እንዲህ ቀልሏት የፈራችበት ቀን በሕይወቷ አልነበረም።

«እጅህን ስጠኝ» አለችው። ከፊት ለፊታቸው ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች እየመጡ ነበር። ክንዴ ሰዎቹን አየ፣ እሷን አየ፣ እጁን ሰጣት።